አማች ሲመጣ የሚቀላ ቅጠል

(ቢሾፍቱ፤ የወይዘሮ እታፈራሁ ሳሎን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ነገ ለልጃቸው ለትርሲት ከዮፍታሔ ዘንድ ሽማግሌ ይመጣል፤ እናትና ልጅ ዮፍታሔ በስጦታ ባመጣው አኳሪየም አጠገብ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።)

እታፈራሁ፦ አይሆንም ብያለሁ። አባትሽ ነገ ሽማግሌዎቹን «አስበንበት እናሳውቃችኋለን» ብሎ በሰላም ይሸኛቸዋል። አለቀ።

ትርሲት፦ በአንድ ቅጠል ምክንያት?

እታፈራሁ፦ አንድ ቢሆን ምን ነበረበት! ሁሉም ነው አረንጓዴ የሆነው። ቀና ብለሽ እዪዋ።

ትርሲት፦ እማዬ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ታክሲ ተጋፍቼ የመጣሁት ለነገ ፀጉሬን ልሠራ ነው እንጂ በሣር ቀለም ልከራከር አይደለም።

እታፈራሁ፦ ፀጉርሽን ተሠሪ፤ ማን ከለከለሽ? ለመሥሪያ ቤትም ይሆናል።

ትርሲት፦ ቆይ፣ ጠረጴዛው ምነው ራቁቱን ቀረ? ዳንቴሉስ?

እታፈራሁ፦ አንስቼዋለሁ። እሺ ለማልለው ሰው ዳንቴል አላነጥፍም። የአክስትሽን ልጅ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች የመለስን ጊዜም ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ሰዎቹ ጨዋ ነበሩ፤ ገና ሳይቀመጡ ገባቸው።

ትርሲት፦ አባዬስ ምን አለ?

እታፈራሁ፦ አባትሽ ዕድር ሄዷል። ሲመለስ ጠረጴዛውን ያያል፤ ነገ የሚናገረውን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው።

ትርሲት፦ እሺ ንገሪኝ፣ ዮፍታሔ ምን አጠፋ? ባጭሩ።

እታፈራሁ፦ ባጭሩ? ቀይ ብሎ ሰጠኝ፤ አረንጓዴ ሆነብኝ። ይኸው አሳጠርኩልሽ።

ትርሲት፦ ትንሽ ረዘም አድርጊው።

እታፈራሁ፦ አባትሽ ባለበት፣ እኅቴ ባለችበት፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት «እትዬ፣ ይኼ ቀይ ተክል ከሳሎንዎ ጋር ይሄዳል» አለኝ። ሶፋዬ ቀይ፣ መጋረጃዬ ቀይ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። ወሩ ሳይወጣ ጎመን መሰለ። ልጅሽን ለማን ልትሰጪ ነው ሲሉኝ ምን ልበል? ጎመን ቀለም ነክሮ ለሚያድል ሰው?

ትርሲት፦ ሰው በስጦታ ይታለላል እንዴ?

እታፈራሁ፦ ዋናው መታለል በስጦታ ነው እንጂ! ገዝቼው ቢሆን ወስጄ ፊቱ ላይ እመልስለት ነበር። ስጦታ ወዴት ይመለሳል?

ትርሲት፦ ተክል ቀለም አይነከርም እማዬ። ስንት ነገር ሊሆን ይችላል። ምናልባት...

እታፈራሁ፦ ያልነገርኩሽ ደግሞ አለ። እሱ ሲመጣ ይቀላል።

ትርሲት፦ ማን?

እታፈራሁ፦ ቅጠሉ።

ትርሲት፦ አፍሮ ነዋ።

እታፈራሁ፦ ቀልጂ አንቺ። ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ «ውሃውን ልቀይርልዎት» ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል። «እትዬ፣ ትርፍ ባልዲ ይኖራል?» ይለኛል። ከጓሮ ባልዲ ይዤ ስመለስ ቅጠሉ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይጠብቀኛል! እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ አረንጓዴ። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ቀይ። እኅቴ «ልጁ መተተኛ ነው እንዴ?» አለች። እኔ ግን የማስተውል ሰው ነኝ፤ ቀለም ነው አልኩ።

ትርሲት፦ ውሃ ውስጥ ቀለም ቢጨምር ዓሦቹም ይቀሉ ነበር።

እታፈራሁ፦ ዓሦቹ ድሮም ቀይ ናቸው። ያኛው ጅራተ ረጅሙማ ሰሞኑን በርትቷል።

ትርሲት፦ ኧረ በፈጠረሽ! ስሚኝ፤ አምስት ዓመት የተማርኩት ዕፅዋት ነው። ቀይ ተክል በምግብ እጥረት ይደበዝዛል። ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ብረት ነው።

እታፈራሁ፦ ብረት?

ትርሲት፦ አዎ ብረት። ውሃው ውስጥ ብረት ሲያንስ ቅጠሉ...

እታፈራሁ፦ እሱንማ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ከደም ማነስ ክኒኔ ሰጥቼዋለሁ።

ትርሲት፦ ምን አደረግሽ?!

እታፈራሁ፦ ምነው? ሐኪሙ ለእኔም የሰጠኝ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊትሽ ገርጥቷል ብሎ። የእሱም ፊት ገረጣ። አንዷን አድቅቄ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ በተንኩለት። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም...

ትርሲት፦ ቆይ ቆይ ቆይ። ምኑን ገለጥ አድርገሽ?

እታፈራሁ፦ ዳንቴሉን።

ትርሲት፦ የምን ዳንቴል?

እታፈራሁ፦ ይኼ ዳንቴል! ዓይንሽ ምን ሆኗል? አኳሪየሙ ላይ ያለው። ዙሪያውን ዓሣ የሠራሁበት።

ትርሲት፦ አላየሁትም።

እታፈራሁ፦ እንዴት አላየሽውም? ቁጭ ብለሽ እያየሽው!

ትርሲት፦ እዚህ ቤት ዳንቴል ይታያል እንዴ! ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ቀሚስ አለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳንቴል ስላየሁ ዓይኔ ዘልሎት ይሄዳል። የጠረጴዛውንም ያስተዋልኩት ስለሌለ ነው። ተነሺ፣ አሳዪኝ፤ መብራቱ የት ነው?

እታፈራሁ፦ ከላዩ ነው። መብራቱን አነሳሁ፣ የመስታወት ክዳኑ ላይ ዳንቴሉን አነጠፍኩ፣ መብራቱን መልሼ ከላይ አስቀመጥኩት። ሥርዓት አለኝ።

ትርሲት፦ ለምን?

እታፈራሁ፦ ለምን ማለት? ዕቃ እንዲሁ ራቁቱን ይቀመጣል? አቧራውስ? ደግሞ መብራቱ ዓይን ያጠፋል፤ የቀዶ ጥገና ክፍል አስመሰለብኝ። አሁን እዪው እንዴት ለዘብ እንዳለ። እንግዳ ሲገባ «እንዴት ያለ ደስ የሚል ብርሃን ነው» ይላል።

ትርሲት፦ እንግዳው ደስ ይበለዋ! ተክሉ ጨለማ ውስጥ ነው። ኧረ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ከሥሩ ሌላ አለ?

እታፈራሁ፦ ድርብ ነው።

ትርሲት፦ ድርብ!

እታፈራሁ፦ በስኳር ውሃ ያደረቅኩት ነው፤ ቀስ ብለሽ ያዢው። ይሰበራል።

ትርሲት፦ እማዬ፣ አገኘሁት። ዮፍታሔ አላጭበረበረሽም። ዳንቴልሽ ነው።

እታፈራሁ፦ ዳንቴሌ ምን አደረገ?

ትርሲት፦ አረንጓዴ ያደረገው እሱ ነው።

እታፈራሁ፦ ዳንቴሌ ነጭ ነው።

ትርሲት፦ ብርሃኑን ከለከለው እያልኩሽ ነው! ስሚ። ይኼ ቅጠል አረንጓዴው ድሮም አለው። ምግቡን የሚሠራበት ወጥ ቤቱ ነው በዪው። ቀዩ ከላይ የሚመጣ ነው። ብርሃን በጣም ሲበረታበት ቅጠሉ እንዳይቃጠል ቀይ ነገር ሠርቶ ራሱን ይጋርዳል። እንደ ጃንጥላ።

እታፈራሁ፦ እኔም ጋረድኩለት እኮ።

ትርሲት፦ እሱ ነው ችግሩ!

እታፈራሁ፦ አትጩኺ። ገባኝ። ሌላ ሰው ከጋረደለት እሱ ጃንጥላውን ለምን ተሸክሞ ይቆማል? አጠፈው።

ትርሲት፦ ...አዎ። በትክክል።

እታፈራሁ፦ ቀይ መሥራት ደግሞ ድካም አለው መቼም።

ትርሲት፦ አለው። ብርሃን ሲያንስ ያለውን አቅም ሁሉ አረንጓዴው ላይ ያውላል፤ መጀመሪያ መብላት አለበት።

እታፈራሁ፦ የቸገረው ሰው ማለት ነዋ። ጌጡን ሸጦ ጤፍ ገዛ።

ትርሲት፦ አምስት ዓመት ተምሬ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

እታፈራሁ፦ አታቆላምጪኝ። ስለዚህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ?

ትርሲት፦ አንቺ ነሽ።

እታፈራሁ፦ ጨዋ ልጅ «ዳንቴሉ ነው» ይላል።

ትርሲት፦ ዳንቴሉ ነው። አሁን ጠረጴዛውን አልብሺና ፀጉሬን ልሠራ ልሂድ፤ ሰልፍ አለ።

እታፈራሁ፦ ተቀመጪ። ገና አልጨረስኩም። ዮፍታሔ ሥራው ይኼው አይደለም? ሆቴል ለሆቴል እየዞረ አኳሪየም የሚተክል፣ ሱቁ ሙሉ እንዲህ ያለ ቅጠል የሆነ ሰው?

ትርሲት፦ ነው።

እታፈራሁ፦ እና ዳንቴሉን ሲያይ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር?

ትርሲት፦ ምን ማለትሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ሲያየው ነው የሚያውቀው።

እታፈራሁ፦ ታዲያ ለምን አልነገረኝም?

ትርሲት፦ ...እሺ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲመጣ ምን ይላል?

እታፈራሁ፦ ምን ይላል... «እጅዎ ወርቅ ነው» ይላል። «ዳንቴሉ እዚህ ላይ ተደብቋል እትዬ፤ ሶፋው ላይ ቢሆን ሰው ሁሉ ያየው ነበር» አለኝ አንዴ።

ትርሲት፦ ምን አልሽው?

እታፈራሁ፦ ሶፋው የራሱ አለው አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ «እናቴ እንድታየው ለጥቂት ቀን ልዋሰው?» አለኝ። እናትህ እግሯ ደኅና ነው፣ እዚሁ መጥታ ትየው አልኩት።

ትርሲት፦ ወይ ዮፍታሔ!

እታፈራሁ፦ ከዚያ ደግሞ «ውሃ እየነካው እንዳይበላሽብዎት እሰጋለሁ» አለ። ልክ ነው፣ አሳቢ ልጅ ነው አልኩና ለጥንቃቄ ሌላ ሠርቼ ደረብኩበት።

ትርሲት፦ ድርቡ ከዚህ ነው የመጣው?!

እታፈራሁ፦ አንዱ ቢረጥብ ሌላው እንዲኖር።

ትርሲት፦ ልጁ አንሺው ለማለት ዙሪያውን ሲዞር፣ አንቺ ጨመርሽበት።

እታፈራሁ፦ ታዲያ አንሺው አላለማ! ምን ላድርግ፣ ሆዱ ውስጥ ልግባ?

ትርሲት፦ ቆይ። ሲመጣ ይቀላል ያልሽኝ... ባልዲ ፍለጋ ወደ ጓሮ ሲልክሽ... ሲሄድ የሚይዘው ነገር አለ?

እታፈራሁ፦ ጥቁር ፌስታል። የሚንጠባጠብ። ቆሻሻ ውሃ ነው ብዬ...

ትርሲት፦ ይቀይረዋል! እማዬ፣ ከሱቁ አዲስ ቀይ ይዞ ይመጣል፣ አንቺ ባልዲ ስትፈልጊ አረንጓዴውን ነቅሎ ቀዩን ይተክላል፣ አረንጓዴውን በፌስታል ቋጥሮ ይወጣል!

እታፈራሁ፦ በመጣ ቁጥር?

ትርሲት፦ በመጣ ቁጥር!

እታፈራሁ፦ ለእኔ ዳንቴል ሲል?

ትርሲት፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ሲል!

እታፈራሁ፦ ውይ አንጀቴን በላው። እጅጌውን ሰብስቦ፣ እየተጣደፈ፣ መጣች አልመጣች እያለ... እኔ ደግሞ አባይ ሰው አድርጌው። ባልዲውን ቶሎ አግኝቼ ፈጥኜ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ ላብ በላብ ሆኖ አገኘሁት። አመመህ ወይ ስለው «ሙቀቱ ነው» አለኝ።

ትርሲት፦ ያስቃል?

እታፈራሁ፦ አያስቅም?

ትርሲት፦ አያስቅም። አባዬ ነገ «አስበንበት እናሳውቃችኋለን» ይበላቸው።

እታፈራሁ፦ ምን? ማን ያስባል?

ትርሲት፦ እኔ።

እታፈራሁ፦ አሁን እኮ ነው ልጁ ነፃ የወጣው!

ትርሲት፦ ለአንቺ ነፃ ወጣ። እኔ ግን አብሬው ልኖር ነው። ፊት ለፊት መናገር እየቻለ በስርቆሽ ቅጠል የሚተክል ሰው፣ ነገ ቤታችን የተበላሸ ነገር ሲኖር ምን ያደርጋል? እኔ ባልዲ ፍለጋ ስሄድ ይቀይረዋል? ለእኔም በመጣሁ ቁጥር ቀይ ቀዩን ያሳየኛል?

እታፈራሁ፦ ሰው አክብሮ ዝም ቢል ወንጀል ነው?

ትርሲት፦ ከአንድ ሰዓት በፊት ወንጀለኛ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።

እታፈራሁ፦ ከአንድ ሰዓት በፊት ጃንጥላውን አላወቅኩም። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ችግራችሁ ይኼ ነው፤ አስረድታችሁ አስረድታችሁ ሌላው ሰው ሲገባው እናንተ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ።

ትርሲት፦ ከጥያቄው አትሽሺ።

እታፈራሁ፦ አልሸሸሁም። እኔ ልጠይቅሽ። ለአንቺ ሸፋፍኖልሽ ያውቃል?

ትርሲት፦ እንዴት አውቃለሁ? ሸፋፍኖ ከሆነ አላይማ።

እታፈራሁ፦ አስቢዋ። ፊት ለፊት የነገረሽ ነገር የለም? ያስቀየመሽ?

ትርሲት፦ መጀመሪያ ምሳ የበላን ቀን «አንቺ ሰው አታስጨርሺም» ብሎኛል።

እታፈራሁ፦ ምን አልሽው?

ትርሲት፦ ሳይጨርስ «አውቃለሁ» አልኩት።

እታፈራሁ፦ እሰይ። ሌላስ?

ትርሲት፦ ሽሮ ሠርቼለት «ጨው በዝቷል» አለ። አንድ ጉርሻ ነው የጎረሰው።

እታፈራሁ፦ የእኔን ሽሮ ደግሞ ሁለቴ አስጨመረ።

ትርሲት፦ ያንቺም ጨው ይበዛል እማዬ። ከማን የተማርኩት ይመስልሻል?

እታፈራሁ፦ ይኸዋ! ይኸዋ ልጄ! አንቺን አይፈራም፤ እኔን ይፈራል።

ትርሲት፦ ይኼ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው?

እታፈራሁ፦ እንዴታ! አባትሽ ተገላቢጦሽ ነበር። እኔን ይፈራል፤ እናቴን ግን ለጥየቃ በገባ ቀን «ጠላው ቀጥኗል» አላት። እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይወራል። ለሚስቱ እውነቱን ነግሮ ለአማቱ ላብ በላብ የሚሆን ሰው እየመጣልሽ፣ አንቺ ታስቢያለሽ?

ትርሲት፦ ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርግ ግን እነግረዋለሁ። ዛሬውኑ።

እታፈራሁ፦ ንገሪው። እኔ እንዳወቅኩ ግን እንዳትነግሪው።

ትርሲት፦ ለምን?

እታፈራሁ፦ ባልዲውን ሲጠይቀኝ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ትርሲት፦ እማዬ!

እታፈራሁ፦ አንድ ጊዜ ብቻ። አሁን ዳንቴሉን አንሺው።

ትርሲት፦ እርግጠኛ ነሽ?

እታፈራሁ፦ አንሺው። ሁለቱንም። ያነሳሁት ደግሞ ቅጠሉ አሳዝኖኝ ነው፤ ተሳስቼ አይደለም። ይኼን ለእኅቴም እንደዚሁ ነው የምትነግሪያት።

ትርሲት፦ እንደዚሁ ነው የምነግራት። ይኸው ተነሣ።

እታፈራሁ፦ ኧረ! እንዲህ ያበራል እንዴ? ያኛው ጥግ ላይ ድንጋይ አለ? ያቺ ትንሿ ዓሣስ ከየት መጣች?

ትርሲት፦ ድሮም ነበረች።

እታፈራሁ፦ ከርማ ሳላያት! በዪ እሺ፣ ነገ ቅጠሉ ይቀላል?

ትርሲት፦ አይቀላም። አረንጓዴ የሆነው ቅጠል ብዙም አይመለስም፤ አዲስ የሚያወጣው ነው ቀይ የሚሆነው። ሳምንታት ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ጎመን ነው የሚያዩት።

እታፈራሁ፦ ይዩታ። ሽማግሌ የሚመጣው ልጅ ሊጠይቅ ነው፣ ቅጠል ሊያይ ነው? ለሠርጉ ከደረሰልኝ ይበቃኛል።

ትርሲት፦ ሠርግ ያለው ማነው? ጠረጴዛው እንደሆነ አሁንም ባዶ ነው።

እታፈራሁ፦ ባዶ ነው። ዳንቴሉ ደግሞ አንቺ እጅ ላይ ነው እንጂ እኔ ጋ አይደለም። አባትሽ የውጭውን በር ከፈተ መሰለኝ፤ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጠረጴዛውን ነው። እኔ የራሴን አስቤ ጨርሻለሁ።

ትርሲት፦ ታዲያ ቆመሽ ከምታዪኝ ያንን ጫፍ ያዢልኝ እማዬ፤ ተጣሞ እንዳይነጠፍ።